ከጉሙ ውስጥ የጠራን

ጠሪያችሁን ሳታዩ «አቤት» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ ጠዋት ኦክላንድ እያስተማርኩ በጉም ጊዜ መርከቦችን የሚያስጠነቅቀው ጡሩምባ ሲጮኽ፣ ማርከሬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴና ጓደኛው ጋሽ ተስፉ ዓሣ ሊያጠምዱ በትንሽ ጀልባ ከኦክላንድ አጠገብ ካለችው ከሳን ሊያንድሮ ይዘውኝ ወጡ። ድንገት ጉም ዋጠን፤ ከውስጡም፣ የመርከብ መብራት ማማ ካለባት ትንሽ ደሴት በኩል፣ ያው ጡሩምባ ጮኸ።

«አቤት!» አሉ ጋሽ ተስፉ እየሳቁ። «ደሴቷ ላይ ሰው አለ፤ ወደ ድምፁ ንዳ።»

«ያላዩትን ጠሪ አቤት አይባልም!» አለ አባቴ።

«የታክሲ ደንበኛ ሲጠራህስ አይተኸው ነው?»

ታክሲ ነጂው አባቴ ሳቀና ጀልባውን ወደ ድምፁ ነዳ። በትምህርት ቤት የተማርኩት ትዝ ሲለኝ «ዳዲ፣ ስቶፕ! ኖ ዋን ሊቭስ ዜር!» ብዬ ጮኽኩ። እዚያ ማንም አይኖርም፤ ጡሩምባው በራሱ ነው የሚጮኸው፤ «ቅረቡ» ሳይሆን «ራቁ» ለማለት ነው።

አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ጉሙ ሲሳሳ፣ ጥቁር ዓለት ከጀልባችን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ከላዩ የመብራቱ ማማ ቆሟል፤ በሩ ዝጓል። ጡሩምባው ደገመ። አሁን የሳቀ የለም።

«እኔን ግን በስሜ ነው የጠራኝ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። ምን ማለቱ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

እስቲ ጉም ባለበት ጠዋት ከባሕሩ ዳር ሞክሩት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ድምፁ ወደመጣበት ጠቁሙ፤ ጉሙ ሲገፈፍ ጣታችሁ የት እንዳለ እዩ። አቤት ግን አትበሉ።