ጃንጥላ ጠጋኟ ጣሪያ ላይ

ጃንጥላ ሲያፈስ ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ አንድ አይደለም። ውሃው ከላይ፣ ከስፌቱ ጥግ ይገባል፤ ከዚያ የጃንጥላውን የብረት አጥንት ተከትሎ ይንሸራተትና ጫፉ ላይ ሲደርስ ትከሻ ላይ ጠብ ይላል። ባለቤቱ የራሰ ትከሻውን አይቶ "እዚህ ጋ ነው የተቀደደው" ይላል። ወይዘሮ አስካለ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጃንጥላ ስትጠግን በኖረችባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ይህን የሚል ደንበኛ አጥታ አታውቅም። አትከራከርም። ጃንጥላውን ትዘረጋለች፣ ወደ ፀሐይ ታነሳዋለች፣ ብርሃን ሾልኮ የሚገባበትን ነጥብ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትይዛለች። መርፌዋ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ይህችን ትንሽ ዕውቀት አስቀድሜ ያነሳሁት በምክንያት ነው። በ1972 ዓ.ም. ክረምት አስካለን ከቤቷ ከመፈናቀል ያዳነቻት እሷው ናት።

ቤቱ ከድልድዩ ወደ ፒያሳ በሚያስወጣው ዳገት ላይ አንድ የግሪክ ዳቦ ጋጋሪ በድሮ ጊዜ የሠራው ነው። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ። በሰፈሩ ሌላ ቤት የሌለው አንድ ነገር ነበረው፤ ግድግዳው ውስጥ የተሠራ የእሳት ምድጃና ጣሪያውን በስቶ የሚወጣ የጡብ ጭስ ማውጫ። ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤቱ የቀበሌ ሆነ። አስካለ ግን ሙሽራ ሆና የገባችው፣ ባሏንም እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እዚያው ነበርና የባለቤቱ ስም መቀየር ለእሷ ብዙም ትርጉም አልሰጣትም።

በግንቦት መጨረሻ የቀበሌው የቤቶች ኮሚቴ ቤት ለቤት ሲዞር እሷም ዘንድ ደረሰ። ሰብሳቢው ዓምደሚካኤል የሰፈር ልጅ ነው። ተማሪ ሳለ አጥንቱ የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ "እትዬ አስካለ" እያለ ይመጣ ነበር። አሁን "ጓድ አስካለ" ይላታል። ከደጃፉ ሳያልፍ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። እዚያ ላይ የአውራ ዶሮ ቅርጽ ያለው ቡናማ እድፍ አለ። የቀበሌው ሠራተኞች ሁለት ጊዜ መጥተው ከዶሮው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ሬንጅ ቀብተውት ሄደዋል፤ ዶሮው ግን በየክረምቱ አንድ ላባ ይጨምራል። ዓምደሚካኤል "ያፈሳል፤ ለመኖሪያ አይሆንም" ብሎ አስጻፈ። ሐምሌ አምስት ቀን፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ ኮሚቴው ተመልሶ ያያል። ካፈሰሰ አስካለ ወንዙ ዳር ወዳለ አንድ ክፍል፣ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ትዛወራለች። ይኼኛው ቤት ታድሶ የቀበሌው የኪነት ቡድን መለማመጃ ይሆናል።

የጥገና ፈቃድ ጠየቀች። ተራዋ መስከረም ላይ እንደሆነ ተነገራት፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ማለት ነው። ያለ ፈቃድ አዲስ ቆርቆሮ ማስገባትም ክልክል ነው ተባለች። በእሁዱ ስብሰባ ላይ እጇን አወጣችና ማጽዳትስ ፈቃድ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀች። አዳራሹ ሳቀ። ዓምደሚካኤልም ስቆ ማጽዳትማ የዜጋ ግዴታ ነው ሲል መለሰ። አስካለ አልተቀመጠችም። ይህ በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍላት ጠየቀች፤ ጸሐፊዋ ዓለምጸሃይም ጻፈችው።

በማግስቱ ማጽዳቱ ተጀመረ።

እንዴት እንዳደረገችው ነገሩ ደስ ስለሚል በዝርዝር ላስረዳ። መጀመሪያ ኮርኒሱን ፈትታ አወረደችው። ከዚያ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ በርና መስኮቱን ዘግታ ጨለማ ውስጥ ቀና አለች። ጣሪያው የከዋክብት ሰማይ መሰለ። እያንዳንዱ ኮከብ አንድ የሚስማር ቀዳዳ ነው። ታዲያ ከታች የታየውን ቀዳዳ ከላይ እንዴት አድርጎ ያገኙታል? ጣሪያ ላይ ከወጡ በኋላ ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አስካለ ለስፌት የሚሆን ስንደዶ ገዝታ ነበርና ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርባ ወጥታ በየቀዳዳው አንድ አንድ ስንደዶ ወደ ላይ ሰደደች። አርባ አንድ ሆነ። ከውጭ ሲያዩት ጣሪያው ሪዝ ያበቀለ ይመስል ነበር።

ከዶሮው በላይ፣ ሬንጁ በተለቀለቀበት ቦታ፣ አንድም ስንደዶ አልነበረም።

በባሏ ሱሪ ላይ ቀሚሷን ለብሳ መሰላሉን ወጣች። መሰላሉን የያዙላት ጎረቤቷ አቶ በርሄ ናቸው፤ ከመብራት ኃይል ሥራ በጡረታ የወጡ የአድዋ አውራጃ ሰው፣ ከእሳቸው ያነሰችን ሴት ሁሉ በትግርኛ "ጓለይ"፣ ልጄ፣ የሚሉ።

"ጓለይ፣ ከዚያ ላይ ብትወድቂ ቀበሌው ሁለት ቤት ነው የሚያገኘው" አሏት። "የምትወድቂው እኔ ላይ ነው።"

ከቆርቆሮው ሽብሽብ ጉድጓድ ውስጥ የተመቱትን ሚስማሮች ነቀለቻቸው። በቆርቆሮ ላይ ውሃ የሚሄደው በጉድጓዱ ነው፤ ሚስማር ደግሞ ጉብታው ላይ መመታት አለበት። እዚያ ሲሆን ውሃው ግራና ቀኙን ያልፋል እንጂ አይቆምበትም። በየሚስማሩ ራስ ሥር ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ የተቆረጠ ክብ ጎማ አስገባች። የቀሩትን ቀዳዳዎች በራሷ ዕቃ ደፈነች፤ የአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ትቀድና ትኩስ ሬንጅ ውስጥ ነክራ ትለጥፋለች፣ ከላዩ ደግሞ ትቀባለች። ሬንጅ ብቻውን ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ጨርቅ ከያዘው ግን እንደ ቆዳ ይለጠጣል።

በሁለተኛው ቀን አንድ አብዮት ጠባቂ ከታች ቆሞ ውረጂ አላት። ለማጽዳት እንደሆነ፣ ጥርጣሬ ካለው የእሁዱን ቃለ ጉባኤ ሄዶ እንዲያስነብብ ነገረችው። በነካ እጁም ያንን ባልዲ እንዲያቀብላት ጠየቀችው። ሰውየው ትንሽ አሰበ። ከዚያ ባልዲውን አቀበላት።

ቀጥሎ አሸንዳው ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠሉንና የወፍ ጎጆውን በእጇ አወጣች። የተጸዳ አሸንዳ ግን ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ተዳፋቱ ከተበላሸ ውሃው መሐል ላይ ተኝቶ ወደ ግድግዳው ይገለበጣል። ስለዚህ ጫፉ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰሰችና የክብሪት እንጨት ጣለችበት። እንጨቷ በቆመችበት ቦታ አሸንዳውን ከሥር በሽቦ ሳብ አደረገችው። እንደገና ጣሳ፣ እንደገና ክብሪት። በአምስተኛው ሙከራ እንጨቷ ሳትቆም ሄዳ ከጫፉ ወደቀች፤ አስካለም ብቻዋን አጨበጨበች። በውሃ የተበላውን የግድግዳውን ግርጌ ጭድ ባለው ጭቃ መረገችው።

መብራቱን አቶ በርሄ አዩላት። ማብሪያውን ከቆጣሪው አጥፍተው የሸክላውን ፊውዝ ከፈቱ። በቀጭኗ ሽቦ ፈንታ የሦስት ቁጥር ሚስማር ተቀምጦበታል። የፊውዝ ሥራ ቀድሞ መሞት ነው፤ መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫነው ቀጭኗ ሽቦ ትቃጠልና ቤቱን ታድናለች። አቶ በርሄ ሚስማሩን ለብርሃን አነሱት።

"ይሄ ጀግና ነው። አይሞትም" አሉ። "የሚሞተው ቤቱ ነው።"

ሚስማሩን ወደ ውጭ ወርውረው ቀጭን ሽቦ አሰሩ። ከበረንዳው ወደ ክፍሉ የሚሻገረውን ገመድ ደግሞ ከሚገባበት ቀዳዳ በታች ዝቅ ብሎ ሆድ እንዲኖረው አድርገው አጠፉት። የዝናብ ውሃ ሽቦ ላይ ይንሸራተታል፤ ሽቦው ቁልቁል ወደ ቀዳዳው ከገባ ውሃውም አብሮ ይገባል፣ ሽቦው ሆድ ካለው ግን እዚያ ሲደርስ ይንጠባጠብና ይቀራል። አስካለ ይህን ስታይ እንደ ጃንጥላ አጥንት ነው ብላ ሳቀች። የመጨረሻው ጭስ ማውጫው ነበር። በረጅም ገመድ መካከል የጽድ ቅርንጫፍ አሰረች። እሷ ከላይ፣ አቶ በርሄ ከታች ሆነው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሲስቡት የዓመታት ጥላሸት ምድጃው ላይ ተራገፈ፤ አቶ በርሄም እስከ ቅንድባቸው ጠቆሩ።

ሰኔ ሃያ ስምንት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ። አስካለ ኮርኒሱን መልሳ ወጥራ፣ እሳት አንድዳ፣ መሐል ቤት ቆማ ጠበቀች። ሩብ ሰዓት ደረቅ ሆነ። ከዚያ ከዶሮው ምንቃር አንዲት ጠብታ ወረደች። ሌላ ተከተለቻት።

ተቀመጠች። አቶ በርሄ ወንዙ ዳር ያለውም ክፍል ቢሆን ሰው ይኖርበታል፣ መለማመድ ነው ሲሉ ሊያጽናኗት ሞከሩ። አልሰማቻቸውም፤ እያሰበች ነበር። አርባ አንዱን ቀዳዳ ብርሃን አሳይቷታል። ብርሃን ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ውሃ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ውሃ እየገባበት ብርሃን የማይገባበት ቦታ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ጃንጥላ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አለ? አለ። አናቱ ላይ፣ ዘንጉ ጨርቁን በስቶ በሚወጣበት። ለዚያ ነው እዚያ ቦታ ላይ ጠጋኝ ሁሉ ክብ የጨርቅ አንገትጌ የሚሰፋው። የዚህ ቤት ዘንግ ደግሞ ጭስ ማውጫው ነው። ውሃው በጡቡ ዙሪያ ይገባል፣ ወራጁን እንጨት ይዞ ስድስት እርምጃ ይሄዳል፣ ዶሮው ጋ ሲደርስ ይወርዳል።

አንገትጌው ሰፊና አንድ ወጥ ጨርቅ ይፈልግ ነበር። ሱቋ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ብቻ ነበር። በ1969 አንድ መምህር አምጥተው "ነገ እወስደዋለሁ" ብለው ያልተመለሱበት ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥግ ላይ ሰቅላው ኖራለች፤ ሊገዙት የጠየቁ ነበሩ፣ የሰው ዕቃ ነው ብላ መልሳለች። በዚያ ምሽት አወረደችው። መቀሱን እንደያዘች ብዙ ቆየች።

"ከመጡ አዲስ እሠራላቸዋለሁ" አለች ለአቶ በርሄ። "ቤቱ ውስጥ ካገኙኝ ነው ግን።"

ጨርቁን እንደ አንገትጌ ቆረጠችው። በሚቀጥለው ፀሐያማ ቀን በጭስ ማውጫው ዙሪያ ከሬንጅ ጋር ሦስት ጊዜ ደርባ አሰረችው።

ሐምሌ አምስት ከቀትር በኋላ ዓምደሚካኤል፣ ዓለምጸሃይና አንድ ሽማግሌ የኮሚቴ አባል መጡ። በሩን እንዳለፉ ሰማዩ ተቀደደ፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነበር። ሽማግሌው ሳይጋበዙ ወንበራቸውን ወደ ምድጃው አስጠጉ። ዓምደሚካኤል አስቀድሞ የተሞላ ወረቀት አውጥቶ ጉዳዩ በስብሰባ ያለቀ መሆኑን፣ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ እንደሆነ ነገራት። አስካለ አነበበችው። "ቤቱ ማፍሰሱ በዓይን ታይቷል" ይላል።

"የት ጋ ነው የታየው?"

ወደ ዶሮው አመለከተ።

አስካለ ትንሿን ጠረጴዛ ጎትታ ከዶሮው ምንቃር ሥር አቆመቻት። ወረቀቱን ዘርግታ አስቀመጠችበት።

"አንዲት ጠብታ ትረፍበት፣ እፈርማለሁ" አለች። "ዛሬውኑ ዕቃዬን አወጣለሁ። እስኪያባራ ግን ማንም ወረቀቱን አይነካም።"

ቢፈልጉም መውጣት አይችሉም ነበር። ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ መነጋገርም አልተቻለም። አራቱም ወረቀቱን እያዩ ተቀመጡ። አሸንዳው ሞልቶ ሲያጉረመርም ይሰማል። መብረቅ ሲመታ አምፖሉ አልተርገበገበም። ሽማግሌው በእሳቱ ሙቀት እንቅልፍ ጣላቸው። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ።

ድምፁ ሲቀንስ ዓለምጸሃይ ተነሳችና መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳለፈች። ደረቅ ነው አለች። እስክሪብቶዋን አውጥታ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘችና ከሥሩ ከባድ ዝናብ እየዘነበ ታይቶ አላፈሰሰም ብላ ጻፈች።

"ማን አዘዘሽ?" አላት ዓምደሚካኤል።

"ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። በዓይን የታየው ይሄ ነው።"

ወደ አስካለ ዞረ። "ያለ ፈቃድ ጠግነዋል።"

"አንድ አዲስ ቆርቆሮ አሳየኝ" አለችው። "ውጣና ፈልግ። መሰላሉ ደጅ ነው።"

አልወጣም። ከእንቅልፋቸው የነቁት ሽማግሌ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው እንደሁ እንጃ፣ ወረቀቱን ስበው ከዓለምጸሃይ ጽሑፍ ሥር ፈረሙ። ዓምደሚካኤል ብቻውን ቀረና እሱም ፈረመ። በሩ ላይ ሆኖ ጃንጥላውን ሲከፍት ከአጥንቱ ጫፍ ውሃ ትከሻው ላይ ጠብ አለ።

"ጃንጥላህ ያፈሳል" አለችው አስካለ። "ነገ አምጣው።"

"እዚህ ጋ ነው እትዬ" አለ ትከሻውን እየዳበሰ።

"እዚያ አይደለም" አለችው።

የኪነት ቡድኑ ሌላ አዳራሽ አገኘ። የአስካለ የጥገና ተራ መስከረም ላይ ሲደርስ የሬንጅ ባልዲ ይዘው የመጡትን ሠራተኞች ከደጃፍ መለሰቻቸው። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት አጋማሽ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ አቶ በርሄ ከበረንዳቸው ሆነው ጠሯትና ወደ ዳገቱ እንድታይ በእጃቸው አመለከቱ። ከላይኛው መንገድ እስከ ድልድዩ ድረስ፣ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ በጎረቤቶቿ ጣሪያ ሁሉ ላይ ስንደዶ በቅሎ ነበር።