ከቆዳው ሥር ያለው ስፌት

መጀመሪያ ያየሁት ሳል ይዞኝ ሳለ ነው። ከእምብርቴ በላይ፣ በድሮው ጠባሳ ላይ፣ ሎሚ የሚያህል ነገር ብቅ አለ። ተጋደምኩ፤ ገባ። ተነሣሁ፤ ወጣ። አያምምና ተውኩት። በዓመቱ ብርቱካን አከለ። የወደብ ጓደኞቼ ሸሚዜን እያዩ «ስንተኛ ወርህ ነው?» ይሉኝ ጀመር።

ጠባሳው የትርፍ አንጀት ነው። ፈንድቶ መግል ሆዴን ሞልቶት ነበርና እዚሁ ጅቡቲ መሐል ሆዴን ቀደው አጥበው ሰፉኝ። ቆዳው አምሮ ገጠመ። እኔ ደግሞ ስፌት አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ መጋዘን ውስጥ የተቀደደ ጆንያ በሲባጎ የምሰፋው እኔ ነኝ። የገጠመ ገጠመ ብዬ በአምስተኛው ሳምንት ጆንያ ተሸከምኩ።

እብጠቱ ሲጎትተኝ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጅቡቲያዊት ናት፣ ድሬዳዋ ያደገች፤ እንደ ድሬ ልጅ ሁሉንም አንተ ትላለች። እኔም አንቺ አልኳት። ወረቀቱ ላይ «ኤቫንትራሲዮን» ብላ ጻፈች፤ በቀዶ ጥገና ስፌት በኩል አንጀት ሾልኮ ሲወጣ፣ ሄርኒያ የሚሉት ማለት ነው። የተከፈተው ቆዳው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ፋሺያ የሚሉት ጠንካራ ሽፋን ነው። ሆድን የሚይዘው እሱ ነው። አንጀት እዚያ ከታነቀ ሊገድል ይችላል።

«እንግዲያው ትልልቅ አድርገሽ ስፊኝ። ክሩንም ወጥሪው» አልኳት።

ሳቀች። «ጋሼ፣ ጆንያ ደም አይፈልግም። ሥጋን ክር ካነቀው ይሞታል፤ ክሩም እየቆረጠው ይሄዳል።»

ነገሩ ያዘኝ። አሳዪኝ አልኳት፤ በእስክሪብቶ ሣለችልኝ። በድሮው መንገድ መርፌው ከጠርዙ አንድ ሳንቲም ርቆ ይገባል፣ ጡንቻውንም አብሮ ይይዛል። እሷ የምትመርጠው ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲም፣ በየግማሽ ሳንቲሙ፣ ሽፋኑን ብቻ፣ ቀስ ብሎ በሚሟሟ ክር ነው። ያለቀው ክር ከቁስሉ ርዝመት ቢያንስ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ካነሰ ወይ ስፌቱ ሳስቷል፣ ወይ ክሩ ተወጥሯል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ክር ስቆጥብ ነው የኖርኩት።

እንደኔ አንዴ ለተከፈተ ሆድ ግን ስፌት ብቻ ስለማይበቃ ሽፋኑን የሚደግፍ ሰው ሠራሽ መረብ ትጨምርበታለች። «ያም ሆኖ ዋስትና አልሰጥህም» አለች። ያመንኳት ያኔ ነው።

ቀጥላ ከድሮው ሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝን ወረቀት ጠየቀችኝ። አጣጥፌ ይዤው ነበር። አነበበችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«ሦስት ወር ከባድ ነገር አያንሳ ይላል። አልነገሩህም?»

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፣ ያውም የአማርኛውን፤ ወረቀቱ ደግሞ በፈረንሳይኛ ነው። ወረቀቱን የሰጠችኝ ነርስ «ገባህ?» ስትለኝ በአንገቴ አዎ ብያለሁ።

ሆስፒታል ተኛሁ። ተሰፋሁ። መሳቅ አልቻልኩም። ማስነጠስ ቢላዋ ነበር። ትራስ ሆዴ ላይ አቅፌ ነበር የምስለው። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ የሆድ ቀበቶዬን ታጥቄ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በሄሮን ሰፈር በኩል ባሕሩን ይዤ መራመድ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ እስከ አንደኛው ግንብ፣ ኋላ እስከ ሦስተኛው። በስድስተኛው ሳምንት የጫኚዎቹ አለቃ ካቦው መጥቶ «አንተ ወንድ አይደለህም?» አለኝ። የተሰፋሁ ወንድ ነኝ አልኩት። ሦስቱ ወር እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ጆንያ ሰፋሁ። ይኸው ዓመት አለፈኝ፤ ሆዴ እስካሁን አልተከፈተም።

ማመስገን አይቀናኝም፤ ሐኪሟን ግን አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውንም ሐኪም አልወቅስም፤ ያን ቀን ከሞት አውጥቶኛል። እናንተ ግን ሆዳችሁ የሚቀደድ ከሆነ በምን ክር፣ እንዴት እንደሚሰፋ፣ እስከ መቼ እንደማትሸከሙ ጠይቁ። ካልገባችሁ አልገባኝም በሉ። እኔ መሃይም እንዳልባል ብዬ መሃይምነቴን ዓመት ሙሉ በሆዴ ተሸክሜ ዞሬያለሁ።