በሁለት ቃል ያስተረጎምኩት ሠርግ

በወጣትነቴ፣ ከየካ ሚካኤል አንስቶ እስከ ተራራው ጀርባ ድረስ፣ ኦሮምኛ እንደ እኔ የሚያቀላጥፍ የከተማ ልጅ አልነበረም። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ ሌላ ምስክር የለኝም። እውነቱን እናውጣ ከተባለ የማውቃቸው ቃላት ሁለት ነበሩ፦ «አካም» እና «ኤዬ»። በመጀመሪያው ሰላም እላለሁ፣ በሁለተኛው እስማማለሁ። ሰላም ብሎ ለተስማማ ሰው ደግሞ ሌላ ቃል ምን ያደርግለታል?

ጊዜው ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ሦስት ጓደኛሞች አንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር፤ እኔ ጂኦግራፊ፣ እሷ ሒሳብ፣ እሱ ስፖርት። እሷን እወዳት ነበር። ይህንን ከራሷ በቀር የማያውቅ አልነበረም፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንኳ ያውቃል። እሱ ደግሞ ጓደኛዬ ነው፤ ግን እግዜር ሲፈጥረው ቸኩሎ የእኔንም ድርሻ ደርቦ ሰጥቶታል። ቁመቱ የትኛውም በር ላይ ጎንበስ ያሰኘዋል። ሲስቅ ጥርሱ ፋኖስ ያስንቃል። አብሬው ስቆም ጥላው ያጠላብኝ ትንሽ ቁጥቋጦ ነበር የምመስለው።

እቤታችን ወተት የሚያመጣ ገበሬ «ጥቅምት ላይ አገራችን ያምራል፣ ጓደኞችህን ይዘህ ና» ብሎኝ ነበር። ሐሳቤ ቀላል ነው፦ ሜዳው ላይ ኦሮምኛዬን አዘንብና፣ እሷ ተገርማ ሳታበቃ እንደምወዳት እነግራታለሁ። የስፖርት አስተማሪው እንዲመጣ እኔ አልፈለግኩም። የጋበዘችው እሷ ናት።

እሑድ ጠዋት ጋሪ ተከራየን። ጋሪው ከኋላ ሁለት ሰው ይይዛል፤ ሦስተኛው ከባለጋሪው ጎን ነው።

«አንተ አገሩን ታውቀው የለ? ከፊት ሁን» አለችኝ።

እነሱ ከኋላዬ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሲጓዙ፣ እኔ ያን የመሰለ አረንጓዴ አገር ትቼ የፈረስ ቂጥ ሳይ ሄድኩ። ጋሪው ድንጋይ በመታ ቁጥር ከኋላ ሳቅ ይፈነዳል።

ባለጋሪውን በጆሮው «ድንጋይ በሌለበት በኩል ሂድ» አልኩት።

«ጌታዬ፣ ድንጋይ የሌለበት ከፈለጉ ቤትዎ ይሻልዎት ነበር» አለኝ።

ትንሽ እንደሄድን እሷ «ያ ቢጫው አበባ ምንድነው?» ብላ ጠየቀች። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና አፌን ከፈትኩ። አፌ ሳይዘጋ ያ ረጅም ከጋሪው ዘሎ ወርዶ፣ አበባውን ቀጥፎ፣ ተመልሶ ወጥቶ ሰጥቷታል። ጋሪው እንኳ አልቆመም። «አረም ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ስንደርስ ገበሬው የጠፋች ጊደር ፍለጋ ወጥቷል። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተቀበሉን አማርኛ የማይሰሙት ሽማግሌ አባቱ ነበሩ።

«አካም!» አልኩ በሙሉ ደረቴ።

ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ጎርፍ የሚያህል ወሬ ለቀቁብኝ። «ኤዬ» አልኩ። ጨመሩ። እኔም ጨመርኩ፦ «ኤዬ፣ ኤዬ!»

«ውይ! እንዲህ ትችላለህ እንዴ?» አለች እሷ ዓይኗን አፍጥጣ።

የስፖርት አስተማሪው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አጠረልኝ።

እርጎ ቀረበልን። ሁለቱ አንድ ቁርበት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠጣሉ። ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ እነሱ እያመለከቱ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ምን አሉ?» አለች።

«እርጎ ይጨመርላቸው ወይ ነው የሚሉት» አልኳትና ወደ ሽማግሌው ዞሬ፣ ረዘም አድርጌ፣ «ኤ…ዬ!»

ሽማግሌው አጨበጨቡ። ባለቤታቸውን ተጣሩ። አሮጊቷ እልል እያሉ ለጋ ቅቤ ይዘው ወጡና አናቷ ላይ አኖሩላት፤ ለእሱም ደገሙ። ሽማግሌው እርጥብ ሳር ነጭተው እጃቸው ላይ አስያዟቸውና ረጅም ምርቃት አወረዱ። እኔም ይድረሰኝ ብዬ አናቴን አቀረብኩ። አሮጊቷ በክንዳቸው ገፋ አደረጉኝ።

ገበሬው ጊደሯን እየነዳ የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። ከአባቱ ጋር ጥቂት ተነጋግሮ ወደ እኔ መጣ።

«አንተ! ሙሽሮች ይዘህ እንደምትመጣ ለምን አልነገርከኝም? በግ አርድ ነበር እኮ!»

«የምን ሙሽሮች?» አለች እሷ።

«አባቴ ‹እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው ወይ?› ብለው ጠየቁት፤ ‹አዎ› አላቸው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አልገባኝም ነበር» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ያ «ውይ! እንዲህ ትችላለህ እንዴ?» ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

«አዎ፣ ብያለሁ» አልኩ።

«ለምን?»

«ስታምሩ ጊዜ ነዋ።»

ቅቤው ግንባሯ ላይ እየቀለጠ ዞራ አየችው። እሱም አያት። እስከዚያች ሰዓት እንደዚያ ተያይተው አያውቁም፤ እያንዳንዷን እይታቸውን ስጠብቅ ስለኖርኩ አውቃለሁ።

ስንመለስ ከኋላዬ «ባሌ፣ ጠጋ በልልኝ»፣ «እሺ ሚስቴ» እየተባባሉ ይስቃሉ። የካ ሚካኤል ስንቃረብ ሳቁ ቆመ። ዝምታው ከሳቁ የባሰ ነበር። አልዞርኩም፤ ፈረሱን አየሁ።

ሠርጋቸው ላይ አንደኛ ሚዜ ነበርኩ። «ያገናኘን እሱ ነው፣ በኦሮምኛ!» እያለች ለእንግዳው ሁሉ አሳየችኝ።

ዛሬ እኔም ባለትዳር ነኝ፣ ሚስቴም ደግ ሴት ናት። ሁለቱ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲወርዱ ሳይ ግን የሰው አጥር ጥግ እደበቃለሁ። የምደበቀው ስለምቀና ነው። ኦሮምኛም እስከ ዛሬ አልችልም።