በራስጌ የተተከለው የእንስራ አንገት

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ይህን ነገር ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ስንት ዓመት ሙሉ ሌላ ሌላውን እያወራሁ እሱን ዘልዬዋለሁ። እንግዲህ እናንተ የምታነቡ ስሙኝ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በወንድሜ ደብተር ተደብቄ ነው፤ ጽሕፈቴ ግን ያምር ነበር። ከመካነ ኢየሱስ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቀው የእኛ ማርያም ልትሰፋ ሲወሰን፣ በምዕራብ በኩል ያሉት የጥንት መቃብሮች መነሣት ነበረባቸው። ቄሰ ገበዙ ደብተር ሰጡኝና ከሽማግሌዎች ጋር እየዞርኩ በየመቃብሩ ችካል እንድተክል፣ የሟቹን የዓለም ስምና የክርስትና ስም እንድጽፍ አዘዙኝ። ስሙ የተጻፈ ሰው ዐፅሙ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ከዘመዶቹ ጎን ያርፋል፤ በጸሎቱም ስሙ ይጠራል። ስሙ የጠፋው ከመሰሎቹ ጋር ከጥዱ ሥር ባንድ ጉድጓድ ይገባል።

ሥራውን እንዴት እንደወደድኩት። ሽማግሌዎቹ ባንድ ክምር ድንጋይ ይጣላሉ፤ አንዱ አያቴ ነው ሲል ሌላው ያንተ አያትማ እዚያ ማዶ ነው፣ በቅሎውን ሳይቀር አውቃታለሁ ይለዋል። እኔ እየሳቅሁ እጽፋለሁ።

ከአጥሩ ሥር ግን ከሁሉም የተለየ አንድ መቃብር ነበር። በራስጌው የተተከለው ድንጋይ ሳይሆን የእንስራ አንገት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የእጮኛዬ አባት ነበሩ። አማላጅ ልከው፣ ዘሬን አስቆጥረው፣ ሠርጌ ለጥር ተቆርጧል። የእንስራውን አንገት በከዘራቸው ነካ አደረጉና፣

«ይችስ ገበያ ልትወጣ ስትል ነው የሞተች፤ ዕቃዋን እንኳ አላወረደች» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እዚያ ማን እንደተቀበሩ እያወቅሁ ሳቅሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አክስቴ የሺ፣ የአባቴ እኅት፣ እጄን ይዘው እዚያው ወስደውኝ ነበር። መቃብሩ የማን እንደሆነ የሚያስታውሱት ሁሉ አልቀው እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። የእንስራውን አንገት በመዳፋቸው እየጠረጉ፣

«እሜቴ ስንዱ ናቸው፤ የአባትሽ አያት» አሉኝ። «ከስማዳ መጥተው በሸክላቸው ነው ያሳደጉን። ሸክላ ሠሪ ናት ብለው ነው ካጥር ሥር የጣሏቸው። አሁንስ ከሰው ጎን ይረፉልኝ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ ነው። ጻፊያቸው፣ ልጄ።»

«እጽፋቸዋለሁ» አልኩ።

አልጻፍኳቸውም። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ «ስሙ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው በሚባልበት አገር፣ ያ ስም ከተነበበ ሠርጌ እንደሚፈርስ አውቃለሁ። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ፍርሃት ብቻ ነበር? አላፈርኩባቸውም? ደማቸው በእኔ ውስጥ መኖሩን አልተጸየፍኩም? ተጸይፌያለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ዝርዝሩን ለሕዝቡ አነበቡ። አክስቴ ፊደል አያውቁም፤ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ስም በስም አዳመጡ። ንባቡ ሲያልቅ ቄሰ ገበዙ «የቀረ አለ?» ብለው ጠየቁ።

አክስቴ አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ቀጥለው የእጮኛዬን አባት አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

እሜቴ ስንዱ ስም ከሌላቸው ጋር ጉድጓድ ገቡ። እኔ በጥር ተዳርኩ። አክስቴ በሠርጌ እልል ብለው መረቁኝ፤ ነገሩን አንድ ቀን አላነሡብኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ የመቃብር ጸሐፊዋ ይሉኛል። ላይ ጋይንትም ስማዳም ቤተ ክርስቲያን ሊታደስ ሲል ይጠሩኛል፤ ድንጋዩን በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ፣ አሮጊት ሽማግሌውን እጠይቃለሁ። «ስሙ ያልታወቀ» ልጽፍ ስል እጄ አልታዘዝ ይለኛል፤ እንደገና ቤት ለቤት እዞራለሁ። ሰው ትጋት ይለዋል። እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የስንቱን አያት ስም ባስመልስ የእሳቸውን አይተካም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ልጅነት አይደለም። የአገሩ ልማድ ነው አልልም፤ ብዕሩ የነበረው በእኔ እጅ ነው። ይቅርታ የምጠይቃቸው ሁለቱም አፈር ውስጥ ናቸው።

አክስቴ ያረፉት ባለፈው ጥቅምት ነው። የሚቀበሩበትን ቦታ አስቀድመው ለቄሰ ገበዙ ነግረዋቸው ኖሯል፤ ከባላቸው ጎን ሳይሆን ከጥዱ ሥር፣ ከዚያ ጉድጓድ አጠገብ። ዕቃቸውን ስናወጣ ያንኑ የእንስራ አንገት ከአልጋቸው ሥር በአቡጀዲ ተጠቅልሎ አገኘነው። በራስጌዬ ትከሉልኝ ብለው እሱንም ለቄሰ ገበዙ ተናዘው ነበር። ተከልንላቸው።