በሰሊጥ ዘይት ገላባት የደረሱት ጋሽ ዘውዱ

መካኒኩ ጋሽ ዘውዱ ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ጋራዣቸው ውስጥ ጋደም እንዳሉ አረፉ። ብዙዎቻችሁ የምትለዩአቸው በጠፋው ግራ ዓይናቸው ነው፤ ዓይናቸው ስለጠፋበት የሚወራው ግን ልክ ስላልሆነ ያየሁትን እጽፋለሁ።

በረሃቡ ዘመን ናፍጣ ከከተማው ጠፋ። ከጎንደር በእግሩ የወረደው ሕዝብ ድንበሩ ገላባት ላይ መኪና እየጠበቀ ይረግፍ ነበር፤ እናቴም እዚያው ነበሩ። ጋሽ ዘውዱ ከመጭመቂያ ቤቶች የተበላሸ የሰሊጥ ዘይት ለምነው፣ አጥልለው ሎሪያቸውን አስነሱበት። ነጋዴዎቹ አይተው የተበላሸውን ዘይት ሁሉ እንዲሰጧቸው ብለውም፣ እርሳቸው ራሳቸው ያለ ናፍጣና ያለ ቤንዚን የሚሄዱ መኪኖች የሚታዩበት በዓል በገበያው ሜዳ አዘጋጁ። በከሰል ጋዝ የሚሄድ ታክሲም መጣ፤ ከበሮ ተመታ።

ስህተታቸው ቀኑ ነበር፤ ዐቢይ ጾም፣ ከዘይት በቀር ማባያ የሌለበት ወቅት። ሎሪዋ ስትነሳ ጭሱ የቁሌት ሽታ ይዞ በተራበው ሕዝብ ላይ ወረደ።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ወጡ ደረሰ ወይ?» አለ አንዱ ቀልደኛ።

«የልጄን ማባያ ለብረት ያጠጣል!» ብላ አንዲት ሴት ድንጋይ ወረወረች።

«የተበላሸ ነው፣ የእኔ እናት! መራራ ነው!»

ማን ይስማቸው? መስታወቱ ረገፈ። ታክሲውን ገልብጠው ፍሙን በተኑት፤ ሰው በሰው ላይ ተረማመደ። ጋሽ ዘውዱ የተመቱት ሲሸሹ ነው ይባላል፤ ሐሰት ነው። የዘይቱን በርሜል አቅፈው አልለቅም ሲሉ፣ አንድ ጎልማሳ ሞተር በሚያስነሱበት በገዛ ማኑዌላቸው ፊታቸውን መታቸው። አንዱ ከዘይቱ ጎንጨት ብሎ አስመለሰው። ያን ጊዜ ሰዉ የያዘውን ድንጋይ ጣለ።

ደማቸውን በነጠላዬ እየጠረግሁ «ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኋቸው።

«ለዓይኑ አልደርስለትም። ለእናትሽ ግን ልደርስ እችላለሁ።»

ጎልማሳው ማኑዌላውን እንደያዘ ቆሞ ነበር።

«ምን ታየኛለህ? አስነሳበት እንጂ!» አሉት። አስነሳ።

በማግስቱ ሎሪዋ ሰው ጭና ተመለሰች፤ እናቴም ከላይ ነበሩ። ጋሽ ዘውዱ ከዚያ በኋላ ነገሩ በተነሳ ቁጥር «ተርበው ስለመቱኝ ነው የተረፍሁት፤ ጠግበው ቢሆን አልነሳም ነበር» እያሉ ይስቁ ነበር።

ጋሽ ዘውዱ፣ እናቴ ከዓመታት በኋላ ሲያርፉ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ስማቸው ተጠርቶ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ተቀበሩ። በመንገድ ለቀሩት ይህ አልደረሳቸውም። ለእርሳቸው ያደረሱላቸው እርስዎ ነዎት። ልጅ አልነበረዎትምና፣ ትናንት በመቃብርዎ አፋፍ ቆሜ ስምዎን የጠራሁት እኔ ነኝ። በሰላም ይረፉ፣ አባቴ።