እጇን ያጣመረችው መኪና

ሽማግሌ የላከ ሰው በዚያን ቀን ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል እንጂ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም። ነውር ነው። እኔ ግን ሄድኩ፤ ያውም መሪ ጨብጬ።

ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። አዲስ አበባን ወደ ኦሮሚያ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ባስነሳው ተቃውሞ የተነሳ፣ በከተማዋ ዙሪያ ያለው መንገድ ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። እኔ ቡራዩ በርና መስኮት እበይዳለሁ፤ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ደግሞ ሱሉልታ አባቷ ቤት ናት። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሽማግሌዎቼ መንገድ ተዘግቶባቸው ተመለሱ። አባቷ ጠበቁ፣ ጠበቁና ላኩብኝ፦ ሁለተኛ ከቀራችሁ ሦስተኛ አትምጡ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ የተከራየሁት ሹፌር በጠዋት ደወለና፣ «ወንድሜ፣ ድንጋይ እየበረረ ነው አሉ፤ እኔ ያለችኝ አንዲት መኪና ናት» ብሎ ስልኩን ዘጋ። የቀረችን ብረት የምጭንባት የእኔዋ አሮጌ ሚኒቫን ነበረች። አጎቴ፣ አከራዬና የዕድራችን ዳኛ ነጭ በነጭ ለብሰው ዝገት ላይ ተቀመጡ። አጎቴ ኮፍያ ጭንቅላቴ ላይ ደፉብኝና፣ «ማንም ቢጠይቅህ የኪራይ ሹፌር ነህ። ከመኪናው እንዳትርቅ» አሉኝ።

ያን ሰሞን ሰው ይሞት ነበር። በዚያ መሃል ስለ ራሴ ሠርግ መጨነቄ ያሳፍረኝ ነበር፤ ግን እያፈርኩም እጨነቅ ነበር።

እንጦጦን እንደወጣን የነሐሴ ዝናብ ወረደብን። የዝናብ መጥረጊያውን ከፈትኩት። ትንሽ ጠረገና ከኮፈኑ ሥር «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የግራው ክንድ ሄዶ የቀኙ ላይ ወጣ፤ ሁለቱ መስታወቱ መሃል ተጣምረው ቀሩ። መመለስ የማይታሰብ ነው። ጭንቅላቴን በመስኮት አውጥቼ መንዳት ጀመርኩ። ከኋላ ሦስቱም ሽማግሌዎች አብረውኝ ይነዱ ጀመር፤ አጎቴ ቀኝ ሲሉ አከራዬ ግራ ይላሉ፣ የዕድሩ ዳኛ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ይደግማሉ።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ወጣቶች መንገዱ ላይ ድንጋይ ደርድረው ቆመዋል። ፍሬን ያዝኩ። አንዱ ጠጋ ብሎ መስታወታችንን አየና ጮኸ። ወዲያው ሁሉም እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣመሩ፤ የተቃውሞው ምልክት እሱ ነበር። ለካስ መኪናዬም እጇን አጣምራለች! «ሹፌር ጀግና ነው!» እያሉ ድንጋዩን አነሱልን። አከራዬ የኦሮሞ ሰው ናቸውና በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ «ገለቶማ! ገለቶማ!» እያሉ ያመሰግናሉ፤ ልክ መጥረጊያውን ራሳቸው እንዳጣመሩት ሁሉ።

ደስታችን እስከ መታጠፊያው ብቻ ነበር። ከመታጠፊያው ወዲያ ፖሊሶች ቆመዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አንደኛው።

«የዝናብ መጥረጊያ» አልኩት።

«እሱንማ አያለሁ። ለምን አጣመርከው?»

«እኔ አላጣመርኩትም፣ በራሱ ነው።»

«በራሱ!»

አጎቴ ዝናቡ ውስጥ ወረዱ። «ልጄ፣ እኛ የሰው ልጅ ለመለመን የምንሄድ ሽማግሌዎች ነን። ይቺ መኪና እንኳን ፖለቲካ ሽቅብ መውጣትም አታውቅም።»

ፖሊሱ ሳቁን ዋጥ አደረገው። «ሂዱ» አለ፤ «ስትመለሱ ግን እጇን አውርዳ ላግኛት።»

ሽማግሌዎቹ ልጅቷ ቤት ገቡ። እኔ ግቢው በር ላይ ኮፈኑን ከፍቼ ሥራ ጀመርኩ። በመጥረጊያው ሞተርና በሁለቱ ክንዶች መሃል ቀጭን የብረት ዘንግ አለ፤ ሞተሩ ሲዞር እየገፋና እየሳበ የሚያወዛውዛቸው እሱ ነው። ዘንጉን ከቦታው የምትይዘው ቦኮላ፣ ጣት ላይ እንኳን የማትገባ የፕላስቲክ ቀለበት፣ ተፈረካክሳለች። ክንዶቹን ፈትቼ አለያየኋቸው። በቦኮላዋ ፋንታ የምተካው ነገር ግን አጣሁ፤ ቀጭን ሽቦ፣ ፊልፌሮ፣ ብሞክር ወዲያው ተበጠሰ።

«ማል ተኤ፣ ሹፌር? ምን ነካት?»

ቀና ስል አባቷ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። የሽማግሌዎቹን ጥያቄ ሰምተው ለመምከር መውጣታቸው ነው። እኔን አይተውኝ አያውቁም። ኮፍያዬን ወደ ታች ሳብ አደረግሁ።

«ቦኮላዋ አልቃ ነው፣ ኦቦ። ጠንከር ያለ ጎማ ባገኝ ቆርጬ አስገባባት ነበር።»

ወደ ኮፈኑ ጎንበስ አሉና፣ «ሽማግሌ የላከውን ልጅ ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«ትንሽ ትንሽ።»

«መንገድ ሲዘጋ የሚቀር ሰው ነው። ባለፈው ቀረ። ነገ ልጄ ቡራዩ ሆና ብታመም፣ መንገድ ተዘግቷል ብሎ ሊያስቀራት ነው። በዚህ ጊዜ እንዲህ ላለ ሰው ልጄን ልስጥ?»

«እሱ መቼ ቀረ!» አልኩ ካቻቢቴውን እያወዛወዝኩ። «የተመለሱት ሽማግሌዎቹ ናቸው! እሱማ ምግብ አልበላ፣ እንቅልፍ አልተኛ...»

«ደህና አድርጎ ከፍሎሃል መሰለኝ።»

«ኧረ ገና ነው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። አበቃልኝ ብዬ በቆምኩበት ተመልሰው መጡ፤ በአንድ እጃቸው ቢላዋ፣ በሌላው አሮጌ የጎማ ሸበጥ ይዘዋል።

«ይሄ ይሆንሃል?»

ሸበጡን አየሁት። ማሰሪያው በተበጠሰበት ቦታ በቀጭን ሽቦ ታስሯል። ያን ሽቦ አውቀዋለሁ። ልጅቷ ቀደም ሲል እዚሁ ሱሉልታ አስፋልቱ ዳር ልታገኘኝ ስትሮጥ ተበጥሶባት፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ያሰርኩላት እኔ ነኝ።

«ይሄማ አይቆረጥም!» አልኩ። «የእሷ እኮ ነው! እኔ ነኝ ያሰርኩላት!»

አፌን ያዝኩ፤ ግን ምን ዋጋ አለው።

አባቷ ሽቦውን አዩ፣ ግራሶ የጠጣ እጄን አዩ። ኮፍያዬን በአንድ ጣታቸው ከግንባሬ ከፍ አደረጉና ፊቴን ተመለከቱ። በዚያች ቅጽበት የፈራሁትን ያህል በድንጋዩም በፖሊሱም ፊት አልፈራሁም።

«በዚህ ዝናብ፣ በዚህ መንገድ፣ አንተ ነህ የነዳኸው?»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ሳይታይህ?»

«ሳይታየኝ።»

ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበሉና ቢላዋውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ቁረጠው» አሉ። «ሌላ ትገዛላታለህ።»

«እገዛላታለሁ» አልኩ። ሽቦ የታሰረበትን ትቼ ከተረከዙ ቆረጥኩ።