የቡና ጥላ በፊቷ ላይ

ባስልኤልን መጀመሪያ ያስቸገረው አረንጓዴው ነው። ሚዛን ተፈሪ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቶ ደንበኞቹን ለስላሳ ብርሃን ፈልጎ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡና ውስጥ ሲያነሳ፣ ፊታቸው ሁሉ አረንጓዴ እየመሰለ ወጣበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሲገባችሁ ግን ያስደስታል። ብርሃን በቅጠል አልፎ ሲመጣ የቅጠሉን ቀለም ይዞ ይመጣል። ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ ቡና ሥር ቁሙና እጅጌያችሁን እዩት።

ደንበኞቹ ደግሞ የሚፈልጉት ቡናውን ሳይሆን ፎቅ፣ አውሮፕላን፣ ባሕር ነው። ባስልኤል ሰውየውን በኮምፒውተር ከቡናው ቆርጦ ያወጣና ፎቅ ሥር ያቆመዋል። ፊቱ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ግን ውሸቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ፎቅ ሥር ቅጠል ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከጉንጭ፣ ከአገጭ ሥር፣ ከአንገት ላይ አረንጓዴውን እየቀነሰ ቀይ መጨመርን ተማረ። ሲሳካለት ከቴፒ ድረስ ሰው ይመጣለት ጀመር።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያምረው ሆሳዕና ለምትባል ልጅ የሠራው ነበር። ፓስፖርት ባወጣች ሰሞን መጥታ፣ «ዓረብ አገር የደረስኩ አስመስለህ አንሳኝ» አለችው።

«ሳትሄጂ?»

«አገሩ ቀድሞ ይልመደኝ ብዬ ነዋ።»

ከመስታወት ፎቅ ሥር አቆማት። ጥላዋን ሳይቀር በፎቁ ጥላ አቅጣጫ አስተኛላት። ቡናው ውስጥ የተነሳውን ዋናውን ፎቶ፣ ኮምፒውተሩ ሲሞላበት እንደ ልማዱ አጠፋው።

ሆሳዕና በሄደች በዓመቷ ሞተች ተባለ። አስከሬኗ አልመጣም። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሚወጣው ፎቶ ነው፤ እናቷ ወይዘሮ ንጋቷ ደግሞ ያላቸው ትልቅ ፎቶ ያ ብቻ ነበር። ለቀስተኛው እያየ፣ «ደልቷት ነበር እኮ» ይላል። አንዷ ጎረቤት፣ «እንዲህ ያለውን አገር ያየች ወደዚህ ጭቃ ልትመለስ ኖሯል?» አለች።

ለቅሶው እንዳበቃ ወይዘሮ ንጋቷ ፎቶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ፎቶ ቤቱ መጡ።

«አንድም ቀን ፎቅ ሥር አልቆመችም። አሠሪዎቿ ከቤት አያስወጧትም ነበር፤ በስልክ ነግራኛለች።»

ፎቶውን ከነጠላው ፈተው ፊቱ አኖሩለት።

«ከዚህ አውጥተህ ወደ ቡናዋ መልስልኝ።»

«ዋናውን አጥፍቼዋለሁ፣ እትዬ።»

«ያጠፋኸውን መች ጠየቅሁህ? ቆርጦ መለጠፍ ታውቅበት የለ።»

አሁን እየሞከረ ያለው ይህንን ነው። ቦታው አልጠፋውም። ቡናውን እሷ በተነሳችበት ሰዓት አንስቶ ሆሳዕናን መልሶ አቆማት፤ ያኔ ለፎቁ ብሎ ከሌላ ሰው ፎቶ አምጥቶ የቀጠለላትን ጫማም በሣር ሸፈነው። ያስቸገረው ፊቷ ነው። የቀነሰው አረንጓዴ የት የት ላይ እንደነበር አያስታውስም። ሲያሳንሰው ለቡናው እንግዳ ትመስላለች፤ ሲያበዛው በሽተኛ።

የሆሳዕና ጉንጭ ቁርጥ የእናቷ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ንጋቷን ልጃቸው በቆመችበት ቡና ሥር አቁሞ፣ ቅጠሉ ፊታቸው ላይ የት የት እንደሚያርፍ እያየ ነው።

«አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉ፣ እትዬ።»

ቀና አደረጉ።